አቼቶ የሚጠጣ ባሕር

ባለፈው ኅዳር አንድ ረፋድ ላይ ባለቤቴ ኃይሉ ሽንኩርት ሊገዛ ወጥቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። ከነጫማው ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። በትዳር ዘመናችን ሁሉ ጫማውን በር ላይ ሳያወልቅ መኝታ ቤት ገብቶ አያውቅም። ምን ሆንክ አላልኩትም። ለሕክምና ጅቡቲ የሄደችው ጎረቤታችን ዘይነብ እንደከበዳት ሰምተን ነበርና ጫማውን ሳይ ገባኝ።

«መቼ?» አልኩት።

«ትናንት። ዕለቱን ቀበሯት።»

ከዚያ አለቀሰ። እናቱ ስትሞት ሰው ፊት ዓይኑን ያላበሰ ሰው ነው፤ አሁን እንደ ልጅ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ አለቀሰ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። እኔ ብሞት እንዲህ ያለቅስ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ሰው በሞተበት ሰዓት እንዲህ ያለ ነገር ማሰብ ደግ አይደለም። ያሰብኩት ግን ይህንኑ ነው።

ዘይነብ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ከእኛ ግቢ ቀጥሎ ባለው ቤት ነበር የምትኖረው። አባቷ የድሬ ሰው ነው፤ እሷ ግን ጅቡቲ ተወልዳ አድጋ፣ ለአንድ የድሬ ነጋዴ ተድራ መጣች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። አንዲት ልጇ ሐዋ እዚያው ጅቡቲ አግብታለች። ከእኔ በዕድሜ ስለምታንስ እኔን እትዬ አስካለ፣ ኃይሉን ጋሼ ትለን ነበር። ረዥም ሴት ናት። ቤት ውስጥ የምትለብሰው የድሬ ሴቶች ሁሉ ለሙቀቱ የምንለብሰውን ስስ ሽቲ ነው፤ እኛ ላይ የመኝታ ልብስ የሚመስለው ሽቲ እሷ ላይ ሲሆን የሠርግ ቀሚስ ይመስላል። እውነቱ ስለሆነ ነው የምጽፈው።

ሳሎኗ ውስጥ ባሕር ነበራት። ይህን የምለው ለማጋነን አይደለም። አንድ መስታወት ሠሪ ከሰው ቁመት የሚረዝም ገንዳ ሠርቶላት ነበር፤ ውስጡ ያለው ውሃ የጭነት መኪና ሹፌሮች በቢጫ ጀሪካን ከጅቡቲ የሚያመጡላት የባሕር ውሃ ነው። ዓሦች አሉበት። እሷ ከዓሦቹ ይልቅ የምትሳሳላቸው ግን ለኮራሎቹ ነበር። ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ወይም አበባ ይመስላል እንጂ ነፍስ ያለው ፍጥረት ነው፤ አፍ አለው፣ ይበላል፣ ሲከፋው ይኮማተራል። ወንድሟ ጅቡቲ ውስጥ ቤቱ ያራባቸው ስለነበር እየቆረሰ ይልክላታል። ይህን ውሃ በድሬ ሙቀት ማቀዝቀዝ ብቻውን አንድ ሥራ ነው። ቬንትሌተሮች ቀን ከሌት ላዩ ላይ ይነፍሳሉ። ግንቦት ሲገባ በፕላስቲክ ጠርሙስ ያቀዘቀዘችውን በረዶ እያቀያየረች ታንሳፍፍበታለች።

ኃይሉ ባቡር ነጂ ነበር። አሮጌው ባቡር ቆሞ እሱም ጡረታ ከወጣ በኋላ ቤት ውስጥ የሚናገረው ነገር አለቀበት። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ጠዋት ደህና አደርሽ፣ ምሳ ላይ ጨው በዛ ወይም አነሰ፣ ማታ በሩን ዘጋሽው ወይ፤ በቃ። እኔም ብዙ የማወራ ሴት አይደለሁምና ኑሯችን በዝምታ ይሄድ ነበር። እንዲያወራኝ ግን እፈልግ ነበር። ልጆቻችን ወጥተው ሄደዋል፤ ቤቱ ውስጥ የቀረነው ሁለት ነን፤ ከእኔ ጋር ካላወራ ከማን ጋር ሊያወራ ነው እል ነበር።

ከዘይነብ ጋር አወራ።

አንድ ቀን የመጣላትን ጀሪካን ተሸክሞ ሊያስገባላት ሄዶ ምሳው እስኪቀዘቅዝ ቀረ። ሲመለስ ፊቱ ወዝቶ ነበር። በማግስቱም ሄደ። በሦስተኛው ቀን ግን ዘይነብ ራሷ የእኛን በር አንኳኳች።

«እትዬ አስካለ፣ ባልሽ ባሕሩን ወደደው» አለችኝ። «ይውደደው፣ ደስ ይለኛል። እኔ ግን ባል የሌለኝ ሴት ነኝ። አንቺ አብረሽው ካልመጣሽ በሬን አልከፍትለትም፤ ወላሂ!»

«እኔ ዓሣ ማየት አልወድም» አልኳት።

«ማን ዓሣ እይ አለሽ? ሻይ ትጠጫለሽ፣ ትቀመጫለሽ።»

ልጣላት ፈልጌ ነበር። የሚያጣላ ነገር አልሰጠችኝም። ዘይነብ እንዲህ ነበረች፤ ሰው በልቡ የሚያብሰለስለውን ቀድማ ታየውና አውጥታ ፊት ለፊት ታስቀምጠዋለች። የምትጠረጠር ብትሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ስለዚህ መሄድ ጀመርን። ድሬ ከቀትር በኋላ ትተኛለች፤ ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ ጥላ ፈልጎ ይቆማል። ከተማው መንቃት ሲጀምር እኔና ኃይሉ ተከታትለን ወደ ዘይነብ ቤት እንገባለን። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሽ፣ መጅሊሱ ላይ እቀመጣለሁ። እሱ በርጩማ ስቦ ገንዳው ፊት ይቀመጣል። እሷ በወዲያ በኩል ትቆማለች። የውጭው በር ወለል ብሎ ይከፈታል።

እዚያ ተቀምጬ ከባሌ አፍ የማላውቀውን ሰማሁ። ባቡሩ ጅቡቲ ሲደርስ ጓደኞቹ ለእንቅልፍ ሲሮጡ እሱ ብቻውን ወደ ባሕሩ ዳር ይሄድ ነበር። ውሃው ሲሸሽ ሱሪውን ጠቅልሎ ድንጋዩ ላይ ይራመድ ነበር። አንድ ጊዜ እሾሃም የባሕር ፍጥረት ረግጦ አንዲት አሮጊት በመርፌ እሾሁን አወጣችለት። ይህን ሁሉ እየሳቀ፣ እጁን እያወራጨ ነበር የሚናገረው። የዚያን ዘመን ሱሪዎቹን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ጫፋቸው ላይ ነጭ የጨው መስመር ነበረባቸው። ምንድነው ብዬ አልጠየቅኩትም፤ እሱም አልነገረኝም።

«ለምን ለእኔ አልነገርከኝም?» አልኩት ስንመለስ።

«ምኑን?»

«ስለ ባሕሩ።»

«ምን ይነገራል? ውሃ ነው» አለኝ።

ዘይነብ የራሷ አመሎች ነበሯት። እንደገባን መጀመሪያ ሁለት ጣቷን ውሃው ውስጥ ነክራ ታሸታለች፤ ምግብ ቤት ያላት ሴት ወጥ እንደምታሸት። ከዚያ «ደህና ውላለች» ወይም «ዛሬ ተቆጥታለች» ትላለች። ውሃውን እሷ ነበር የምትለው። አንድ ነገር ሲያስቸኩሏት «ባሕርን አያስቸኩሉም፣ አብሽሪ» ትላለች፤ አይዞሽ ማለቷ ነው። ሐዋ በስልክ ስታለቅስም «አብሽሪ»፤ መብራት ሲጠፋም «አብሽሪ»። አለመቸኮሏ ራሱ ያናድደኝ ነበር።

የባሕሯ ችግር የዓሦቹ ቆሻሻ ነበር። እውነተኛው ባሕር ሰፊ ስለሆነ ቆሻሻውን ይውጠዋል፤ ገንዳ ውስጥ ግን እዚያው ይቀራል። ኮራሎቹ ላይ አረንጓዴ ጸጉር የመሰለ ነገር በቀለባቸው። ወንድሟ መፍትሔውን በስልክ ነገራት፤ ውሃው ውስጥ በየቀኑ ጥቂት አልኮል ጠብ ማድረግ ነው። አልኮሉን የሚበላው ዓሣው ሳይሆን በዓይን የማይታየው ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያው አልኮሉን እየበላ ሲራባ ቆሻሻውንም አብሮ ይበላል፤ አረፋ የሚያወጣው ማሽን ደግሞ ባክቴሪያውን ከነበላው ጠርጎ ያወጣዋል። ይህን ስትነግረን ኃይሉ ከበርጩማው ብድግ አለ።

«እኔ ጋ ደህና አረቄ አለ! አሁን ላምጣ?»

ዘይነብ አፏን በሻሿ ሸፍና ሳቀች። «ጋሼ ኃይሉ፣ ልጆቼን ሰካራም ልታደርግብኝ ነው? አልኮል በዚህ በር አይገባም። ወንድሜ በአቼቶም ይሆናል ብሎኛል።»

እኛ ሰላጣ ላይ የምናደርገውን ነጩን አቼቶ በየቀኑ መርፌ በሌለው ስሪንጅ እየለካች ለባሕሯ ማጠጣት ጀመረች። መጀመሪያ ጥቂት ጠብታ፣ ቆይቶ ትንሽ ጨመር፣ እንደገና ቆይቶ ትንሽ ጨመር። አረንጓዴው ጸጉር እየሳሳ ሄደ። ኮራሎቹ ተከፈቱ፤ ሐምራዊው ሐምራዊ፣ ብርቱካናማው ብርቱካናማ ሆነ። እኔም ሳልወድ አየሁት።

በአቼቶው ላይ ቫይታሚን ተጨመረ። ከፋርማሲ ቀለምና ስኳር የሌለበትን የቫይታሚን ሲ እንክብል ገዝታ ትመጣለች። ባለ ፋርማሲው «ማን ታሞብሽ ነው?» ሲላት «ልጆቼ» ትላለች። ለሕፃናት የሚሰጠውን የቫይታሚን ጠብታም የዓሦቹ ምግብ ላይ ታንጠባጥብና እስኪመጥ ትጠብቃለች። እንክብሉን የሚፈጨው ኃይሉ ነበር። ትንሽ የነሐስ ሙቀጫ ጭኑ መሐል ይዞ፣ እንደ ዱቄት እስኪልም፣ ምላሱን ጥርሱ መሐል ነክሶ ይወቅጣል። በእኔ ቤት አንድ ቀን በርበሬ ወቅጦ አያውቅም። በዚያው ሰሞን ጉንፋን ይዞኝ ነበር፤ ለእኔ ማንም ቫይታሚን አልፈጨልኝም።

አንዳንድ ቀን ዘይነብ «ዛሬ አንተ ስጣት» ትለዋለች። ስሪንጁን ግን በእጁ አትሰጠውም፤ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች፣ እሱ ከጠረጴዛው ያነሳዋል። እጃቸው ሲነካካ ለማየት ብዙ ጊዜ ጠበቅኩ። አልተነካካም። ቢነካካ ይሻለኝ ነበር። የምይዘው ነገር አገኝ ነበር።

ሐዋ ልትወልድ ስትል ዘይነብ ወደ ጅቡቲ ለመሄድ ተነሳች። የቤቷን ቁልፍ ያስረከበችው ለኃይሉ ሳይሆን ለእኔ ነው።

«እትዬ፣ ከተለመደው እንዳታስበልጡ» አለችኝ። «ቢረሳ ይረሳ፤ አንድ ቀን ባትበላ አትሞትም። ብዙ ከተሰጣት ግን ባክቴሪያው ያለ ልክ ይራባል፤ ያኔ ውሃው እንደ ወተት ይነጣል። ባክቴሪያው አየሩን ይጨርስባቸዋል፤ ዓሦቹ ይታፈናሉ።»

«ለባለቤቴ ንገሪው» አልኳት።

«እሱ ይወዳቸዋል። የሚወድ ሰው ያበዛል። አንቺ ነሽ የምትጠነቀቂው።»

ይህን የተናገረችው አሞግሳኝ ይሁን ሰድባኝ እስካሁን አላውቅም።

እሷ ሳትመለስ ፋሲካ ደረሰ። በየዓመቱ ለፋሲካ እኛ ከዳቦው እንልክላታለን፤ በኢድ እሷ ሙሸበክ ትልክልናለች፤ ያንን ጣፋጭ በጠዋት ገና ትኩሱን። በዚያ ፋሲካ ግን ቤቱ ባዶ ነው። ቤታችን እንግዳ ሞልቶ እኔ ጉድ ጉድ ስል ኃይሉ መጥቶ ቁልፉን ጠየቀኝ።

«ሰጥቻቸው ልምጣ» አለ።

ሰጠሁት። ሄዶ ወዲያው ተመለሰ። በማግስቱ ውሃው ደብዘዝ ብሎ አየሁት፤ መስታወቱ ያልተወለወለ መስሎኝ ተውኩት። ማክሰኞ ጠዋት በሩን ስከፍት ገንዳው ውስጥ ምንም አይታይም ነበር። ውሃው ሩዝ የታጠበበት ውሃ መስሏል። ዓሦቹ ከላይ ተሰብስበው አፋቸውን ከውሃው አውጥተው ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። መብራት ጠፍቷል። ማሽኑም ቬንትሌተሩም ቆመዋል።

ዘይነብ ስለ ውሃው የተናገረችውን ሁሉ አስታወስኩ። ጆግ አንስቼ ውሃውን እየቀዳሁ ከፍ አድርጌ መልሼ ማፍሰስ ጀመርኩ፤ እየተንፏፏ ሲወርድ አየር ይዞ እንዲገባ። ኃይሉ ከኋላዬ ቆሟል። ገንዳውን አይደለም የሚያየው፣ እኔን ነው።

«ምን አደረግክ?»

«ለበዓሉ ብዬ ነው…»

«ምን ሰጠሃቸው?»

«እኛ እየበላን እየጠጣን እነሱ አቼቶ ብቻ ሲሆንባቸው… አንድ ስኒ። አረቄ። ወንድሟ መጀመሪያ ያለው እሱን አልነበር እንዴ?»

እንግዳ ቤቱ ገብቶ ሳይቀምስ ሲወጣ ማየት የማይችል ሰው ነው ኃይሉ። አንድ ጊዜ ጨምርልኝ፣ በሞቴ፣ ይችን ብቻ እያለ ሰውን ያስጨንቃል። ለባሕሩም እንደዚያው አደረገ። በጠብታ የሚሰጠውን በስኒ አፈሰሰው።

«ቆመህ አትየኝ፤ ጆግ አንሳ!» አልኩት።

ክንዳችን እስኪዝል ቀዳን፣ አፈሰስን። የጎረቤታችን ልጅ ጀማል ባጃጅ ነጂ ነው፤ ጩኸታችንን ሰምቶ በበሩ አንገቱን አስገባ።

«አቦ እትዬ፣ ዓሣ ነው የምታረቡት ወተት ነው የምታልቡት?»

«ቀልዱን ተውና መብራት አምጣ!» አልኩት።

«መብራት ከየት አባቴ አመጣለሁ? ባትሪ ግን አለኝ።» የባጃጁን ባትሪ ነቅሎ ተሸክሞ መጣ፤ ዘይነብ ለመብራት መጥፊያ ያስቀመጠችውን ትንሽ የአየር ፓምፕ ከባትሪው ጋር አገናኘው። ውሃው ውስጥ አረፋ መንተክተክ ሲጀምር ኃይሉ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«አስካለ» አለኝ። ስሜን ከጠራ ብዙ ጊዜው ነው። «አትንገሪያት። ስለ እግዚአብሔር። አልኮል በበሯ እንዳይገባ የምትጠነቀቅ ሴት ናት፤ ካወቀች ዓይኔን አታየውም።»

የፈለግኩት እጄ ላይ ወደቀ። አንድ ቃል ብናገር በሩ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ኃይሉ ከሰዓት በኋላ የሚሄድበት ቤት የለውም፤ ከእኔ ጋር ነው የሚቀመጠው። ስልኩን አንስቼ ጅቡቲ ደወልኩ። ኃይሉ ከመሬት ሳይነሳ ከንፈሬን ከንፈሬን ያያል።

«ዘይነብ፣ ውሃው ነጥቷል» አልኳት።

በተለመደው ድምጿ «አየር ስጧቸው» አለች። «አቼቶም ቫይታሚንም አቁሙ። ምግብም አትስጡ። ዋናው አየር ነው። ምን ገባበት?»

ስልኩን ወደ ኃይሉ ዘረጋሁለት። ራሱን ነቀነቀ።

«ስትመጪ ታዪዋለሽ» ብዬ ዘጋሁ። አልዋሸኋትም፣ አልነገርኳትምም። ያልነገርኳት ለእሱ አዝኜ ይመስለው ነበር። እኔ ግን እሷ ፊት ሲጋለጥ ማየት ስለፈለግኩ ነው የጠበቅኩት።

ዘይነብ የልጅ ልጇን ሳትጠግብ መጣች። ውሃው በዚያን ጊዜ መጥራት ጀምሮ ነበር። ኃይሉ በጣም የሚወዳት ቢጫዋ ዓሣ ሞታለች፤ ቅርንጫፍ የመሰለው ሐምራዊ ኮራል እስከ አጥንቱ ነጭ ሆኗል። ሻንጣዋን በር ላይ አስቀምጣ፣ ሁለት ጣቷን ነክራ አሸተተች። ሽታ አልነበረውም። ነጩን ኮራል ለብዙ ጊዜ አየችው።

«ይሄ የአቼቶ ሥራ አይደለም» አለች።

እኔ መጅሊሱ ላይ ነበርኩ። ኃይሉ ከበርጩማው ተነስቶ ቆመ፤ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ሁሉንም ነገራት። በዓሉን፣ ስኒውን፣ አረቄውን። አንዱንም አላሳነሰም። በእኔ ላይም አላላከከም። እንዲህ ሲናገር ሳየው አዲስ ሰው መሰለኝ። ለእሷ የሚሰጠው እውነት እንኳ ለእኔ ከሚሰጠው የበለጠ ነው አልኩ በልቤ።

ዘይነብ ስትቆጣ አይቼ አላውቅም ነበር። ድምጿ አልጨመረም። እጇን ግን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «በቤቴ?» አለች። «ጋሼ፣ ባሌ የሞተበት ቤት ነው። ቁርዓን የሚቀራበት ቤት ነው።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም። ብታውቅ አታደርገውም።»

ዞራ ወደ ውስጥ ገባች። ኃይሉ ባርኔጣውን ይዞ ቆሞ ቀረ። እንሂድ አልኩት፤ ሄድን። ቤት ስንደርስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። እኔ ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር፤ ሰው አሸንፎ ምን እንደሚያደርግ ግን አላወቅኩም። እራት ሠራሁ። አልበላም።

በማግስቱ ዘይነብ በራችን ላይ ቆማ ነበር። ዓይኗ አብጧል።

«ሼኹን ጠየቅኳቸው» አለች። «ስለ ዓሣዎቹ ስነግራቸው ሲስቁ ዋሉ። ወንድሜም አረቄው አንድ ጠብታ አልቀረም፣ ባክቴሪያው በልቶ ጨርሶታል አለኝ። በሉ፣ ከሰዓት ኑ።» ከዚያ ወደ ኃይሉ ዞረች። «አንተ ትቀመጣለህ፣ ታወራለህ። እጅህ ግን ውሃዬ ውስጥ አይገባም። ስሪንጁም ሙቀጫውም ከእንግዲህ የእትዬ ነው።»

«የእኔ?» አልኩ።

«ያንቺ። ጠዋት ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ነይ። ብቻሽን።»

ስለዚህ ጠዋቶቹ የእኔ ሆኑ። አቼቶውን እለካለሁ፤ እንክብሉን እፈጫለሁ፤ ዘይነብ ከጎኔ ቆማ ታያለች። ብዙ አናወራም ነበር። «ቀስ» ትላለች፤ «እንዲያ ነው» ትላለች። እጄን ይዛ ስሪንጁን እንዴት እንደምገፋ ያሳየችኝ ጊዜ መዳፏ ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር። ከእሱ ጋር ያልተነካካው እጅ ነው። ወደ ቤት ስመለስ ኃይሉ በሩ ላይ ይጠብቀኛል።

«ምን አወራችሁ?»

«ምንም።»

«ይሄን ሁሉ ሰዓት?»

«ምንም አላወራንም አልኩህ።»

ይህን መልስ መስጠት ደስ ይለኝ ነበር። በዕድሜዬ ከሰጠኋቸው መልሶች ሁሉ የወደድኩት እሱን ነው። ከሰዓት በኋላ ግን እንደ ድሮው እሱ ያወራል፣ እሷ ትስቃለች፣ እኔ ከመጅሊሱ ላይ ፊቱን አያለሁ። ቅናቴ አልሄደም። ጠዋት ሥራ ያገኝ ነበር እንጂ።

ሕመሟ ሲጀምራት ማንም ሳይነግራት ገንዳውን አስፈታች። ወንድሟ መጥቶ ኮራሎቹን በውሃ በተሞላ ሳጥን እየከተተ ወሰዳቸው። «እኔ እይዘው ነበር» አልኳት፤ ተከፍቼ። «እትዬ፣ ሰው ላይ ባሕር ጥሎ አይኬድም» አለችኝ። ከሁለታችን ለማን እንደምትሰጠው ላለመምረጥ ይሆን ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ።

ሞቷን የሰማን ዕለት ከሰዓት በኋላ ለቅሶ ሄድን። የባሏ እህት ቤቱን ከፍታ ተቀምጣለች። ገንዳው የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። ወንዶቹ ወደ ግቢ፣ እኛ ወደ ውስጥ ገባን። የማላውቃቸው ሴቶች ቦታ ለቀቁልኝ፤ የባሏ እህት እጄን ይዛ «የባሕሬ ነርስ የምትልሽ አንቺ ነሽ አይደል?» አለችኝና አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ለቤተ ዘመድ የሚሆን ቦታ ነበር። ተቀመጥኩ።

ቤታችን ስንመለስ ገና አልመሸም። ጥላው ውስጥ ወንበር አውጥተን ተቀመጥን። እንደ ልማዳችን ዝም የምንል መስሎኝ ነበር።

«ባሕር ትፈራ ነበር እኮ» አለ ኃይሉ።

«ማን?»

«ዘይነብ። ልጅ ሆና አንዴ እስከ ጉልበቷ ገብታ፣ ማዕበል መጥቶ ጫማዋን ከእግሯ ላይ ወሰደው። ከዚያ ወዲያ እግሯን አስገብታ አታውቅም። ጅቡቲ ተወልዳ አድጋ ዋና አትችልም። ‹ለዚህ ነው መስታወት ውስጥ ያስገባሁት፤ ከዚህ ወዲህ አይመጣብኝም› ብላ ሳቀች።»

ያ የቆየው ቅናቴ ተነሳ። በየጠዋቱ ከጎኗ ቆሜ ይህን አልሰማሁም። ለእሱ ነግራዋለች።

«መቼ ነው የነገረችህ? ብቻህን ሄደህ?»

ኃይሉ ገርሞት አየኝ። «የምን ብቻዬን? አንቺ መጅሊሱ ላይ ነበርሽ። ‹እትዬ አስካለ፣ እንዳትስቂብኝ› ብላ ነው የጀመረችው። ላንቺ ነው የተናገረችው እንጂ።»

ለማስታወስ ሞከርኩ። እሱን አስታወስኩት፤ በርጩማው ላይ ወደ ፊት ያዘነበለውን አካሉን፣ ያን ጊዜ የለበሰውን ባለ መስመር ሸሚዝ፣ ሲስቅ የሚታየውን የጎን ጥርሱን። የእሷን አንድ ቃል እንኳ አጣሁት።

ባጃጅ በበራችን አለፈ። አቧራው እስኪወርድ ጠበቅኩ።

«ሌላስ?» አልኩት። «ሌላስ ምን አለች?»